ጋሽ ግራሶና ነጩ በረንዳ

ጋሽ ግራሶ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጨብጥ መዳፉን ሰጥቶ አያውቅም። የሚሰጠው የእጁን አንጓ ነው። ቢስክሌት ጠጋኝ ነዋ! ከጠዋት እስከ ማታ እጁ ዘይት እንደነካ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ አንጓውን ያቀርብና "ይቅርታ ጌታዬ፣ እጄ ቆሻሻ ነው" ይላል፤ ሰውየውም አንጓውን ያዝ፣ ነቅነቅ አድርጎ የፈነዳ ጎማውን ያስረክባል። ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ዕቃ ተሸካሚውም ከጋሽ ግራሶ የሚያውቁት ያችን ቀጭን አንጓ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ስሙማ ሌላ ነበር፤ ግን ማን ጠርቶት! ግራሶ ጎማ በሚዞርበት ኩሽኔት ውስጥ የሚጠቀጠቀው ወፍራም ቅባት ነው። ሥራ የጀመረ ሰሞን አፍንጫው ላይ ተለጥፎበት ሲዞር ያየ አንድ ነገረኛ "ግራሶ!" አለው፤ በዚያው ቀረ። ፀጉሩ ሲሸብት "ጋሽ" ተጨመረለት። በሥራ ዘመኑ ያገኘው እድገት ይኸው ነው።

የሥራ ቦታው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ረጅም ግንብ የተደገፈች የቆርቆሮ ጥላ ነበረች። ወለሏ አፈር ነው። ዘይት ሲፈስ አፈሩ ይጠጣል፤ በማግስቱ ሌላ ይፈስበታል፣ እሱንም ይጠጣል። በዚያ ሁሉ ዘመን "ይሄ ወለል ቆሸሸ" ያለው ሰው የለም። ሚስቱን ያስታመመው፣ አንድ ልጁን ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ከዚያች ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ሚስቱ ሞተች። ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ጥላይቱም ተነሣች። ልጁ መጥታ "አባባ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ? እኔ ጋ ትገባለህ፤ አለቀ" አለችው። ሁለት ሻንጣና አንዲት አሮጌ ቢስክሌት ይዞ ገባ።

ልጅቱ ፋርማሲስት ናት። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ስትታይ ጋሽ ግራሶ እንዲህ ያለች ልጅ ከየት እንዳመጣ ይገርመዋል። ባሏ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ከአፉ ክፉም ደግም የማይወጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቤታቸው አዲስ ነው። የቤቱ ዓይን ደግሞ ከሳሎኑ የመስታወት በር ውጭ ያለው በረንዳ ነው፤ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው የተነጠፈበት። ድንጋዩን ራሷ ነች የመረጠችው፤ አንድ በአንድ እያገላበጠች፣ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ሁሉ እየመለሰች፣ ሠራተኞቹን አሳራቸውን አብልታ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት በባዶ እግሯ ወጥታ ትቆምበታለች። ጋሽ ግራሶ በመስኮት ያያታል። "ልጄ ደላት" ይላል በሆዱ፤ ደስ ይለዋል።

እሱ ግን ደልቶት ነበር ማለት ይከብዳል። ምግቡ፣ አልጋው፣ የደም ግፊቱ መድኃኒት፣ አንዱም አልተጓደለበትም። የጎደለው ሌላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ በጓሮ በኩል ትመጣና "አባባ፣ ብርድ እንዳይመታህ ክፍልህ ሁን፤ ምሳህን አመጣልሃለሁ" ትለዋለች። ብርድ! ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ብርድ! አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። በአምስተኛው ገባው። ከሳሎን ሳቅ ይሰማል፤ እሱ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳ ያያል። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንድ እንግዳ ፊት፣ ልጁ "አባቴ ነው" ብላ እንድታስተዋውቀው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ጓዳ ቢበላም ግድ የለውም።

በዚህ መሀል የቀረችለት ያቺ አሮጌ ቢስክሌት ብቻ ነበረች። በየሳምንቱ ካቴናዋን አውልቆ ዘይት ውስጥ ይነክራል፣ ይወለውላል፣ መልሶ ይገጥማል። የትም ስለማይሄድባት ካቴናዋ አይቆሽሽም፤ ግን ሥራ የለመደ እጅ ቁጭ በል ቢሉት ይቀመጣል እንዴ? አንድ ቅዳሜ ካቴናዋን ዘይት በያዘ ቆርቆሮ ነከረና በረንዳው ጥግ ላይ አስቀመጠው፤ እስከ ሰኞ ይቆይ ብሎ። ጠንቃቃ ነው፤ ከሥሩ ካርቶን አንጥፏል። የቆርቆሮውን መቀመጫ ግን ገልብጦ አላየም። ለካ በዝገት ተበልቶ ኖሯል።

ሰኞ ከሰዓት ልጁ ከሥራ ስትመለስ ካርቶኑ ጠቁሮ አየችው። ጫፉን ይዛ አነሣችው። ከሥሩ፣ ነጩ ድንጋይ ላይ፣ የሳህን ያህል ጥቁር እድፍ ተንጣሏል።

"አባባ!"

ጩኸቷ ሰው የሞተ ነው የሚያስመስለው። ጋሽ ግራሶ ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ። አየና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"ውይ! ቆርቆሮው ነው... እኔ እኮ ካርቶን አንጥፌ..."

"እሑድ የባሌ ሥራ አስኪያጅ ከነሚስቱ ይመጣል! አዲስ የተሾመ ሰው ነው፤ ስንት ወር ለምነን ነው እሺ ያለው! አሁን ምን ላድርገው ይሄንን?"

"አጠፋዋለሁ እናቴ። ዘይት አይደል? ዘይትን እኔ አላውቀውም እንዴ?"

ይቺን የመጨረሻዋን ባይናገራት ደህና ነበር። ልጅቱ ቆሽቷ አረረ።

"ታውቀዋለህ! በደንብ ታውቀዋለህ! ሦስተኛ ክፍል ሆኜ የፈተና ውጤቴ ላይ ስትፈርም አውራ ጣትህ ታተመበት፤ ትዝ ይልሃል? መምህሩ አንሥቶ ለክፍሉ ሁሉ አሳየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ 'የግራሶ ልጅ' ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ በስሜ የጠራኝ የለም። ደብተሬ ይሸታል፣ ዩኒፎርሜ ይሸታል፣ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፍቶ ብቻዬን ዴስክ ይዤ ተማርኩ። ይሄን በረንዳ ነጭ ያደረግኩት ለምን ይመስልሃል?"

ጋሽ ግራሶ አውራ ጣቱን አየ። እሱ እኮ ልጁ የምትኮራበት ይመስለው ነበር! ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥላው ሥር ትቀመጥ ነበር፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዱን የተጠገነ ቢስክሌት ያወጣና በግንቡ ሥር እያስነዳ ያስተምራታል። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል። "አትልቀቀኝ አባባ! አትልቀቀኝ!" እያለች ትስቃለች። በሱ ቤት ይሄ ሁሉ ደስታ ነበር። የዘይቱን ነገር አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"ብነግርህ ምን ታደርጋለህ? ሥራህን ትተዋለህ?"

እውነቷን ነው። ምን ያደርግ ነበር?

ልጅቱ የበረንዳው ደረጃ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ስትናገር ድምጿ በርዷል። "እስከ እሑድ አጥፋው። ካጠፋኸው ኮትህን ለብሰህ ከእኛ ጋር ማዕድ ትቀርባለህ። ራሴ አስተዋውቅሃለሁ።" ዓይኗን ከእድፉ ላይ አላነሣችም። "እኔም ደክሞኛል አባባ። አንተን መደበቅ ደክሞኛል።"

እንግዲህ ይሄን ከሰማ በኋላ ማን ያስተኛዋል!

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነጭ ጋዙን ይዞ ወጣ። ዘይትን ከብረት የሚያስለቅቀው ነጭ ጋዝ ነው፤ ይህን የማያውቅ ቢስክሌት ጠጋኝ የለም። ግማሽ ሊትር ዘክዝኮ በጨርቅ ይፈትግ ጀመር። ዘይቱ ቀለጠ፣ ጨርቁ ጠቆረ፣ ጋሽ ግራሶ ደስ አለው። "አላልኳትም!" አለ ብቻውን። ፀሐይ ወጥታ ድንጋዩ ሲደርቅ ግን ሐሞቱ ፈሰሰ። የሳህን ያህል የነበረው እድፍ የትልቅ ትሪ ያህል ሆኗል። ብረት አይጠጣም፤ ድንጋይ ይጠጣል። ነጭ ጋዙ ዘይቱን አቅጥኖ፣ እጁን ይዞ ወደ ድንጋዩ ሆድ አስገብቶት አረፈ። አርባ ሁለት ዓመት ዘይት ሲያስለቅቅ የኖረ ሰው አንድም ቀን ወለል አጽድቶ አያውቅማ!

በዱቄት ሳሙና ሞከረ። በሽቦ ብሩሽ ሞከረ። ምንም። በመጨረሻ ጎረቤት አጥር የሚሠራው ግንበኛ ትዝ አለው፤ የዚህን በረንዳ ድንጋይ ያነጠፈው እሱ ነው። ሄዶ ለምኖ አመጣው።

ግንበኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እድፉን ቁልቁል አየ። "ምን አፈሰስክበት?"

"ነጭ ጋዝ።"

"ነጭ ጋዝ?" ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጋሼ፣ እሱን አጠጥተህ አጠገብከው እኮ! ትንሽ ብትጨምርለት ጎረቤት ድረስ ይሄድልህ ነበር።"

"ሳቅ፣ ሳቅ። ከሳቅክ በኋላ መላውን ንገረኝ።"

ግንበኛው ልቡ ደግ ነው፤ ቁጢጥ ብሎ አስረዳው። ይሄ በማሸት አይወጣም፤ ራሱ ተመጥጦ ነው የሚወጣው። ኖራ በቲነር ትለውሳለህ፣ ወፈር ያለ ሊጥ ታደርገዋለህ፣ እድፉ ላይ የጣት ውፍረት ትለጥፋለህ። ላስቲክ ታለብሰዋለህ። አፍነኸው ይደር። ጠዋት ላስቲኩን ትገልጥለታለህ፤ ኖራው ሲደርቅ ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ፍቀህ ትጥላለህ። እንደገና ትለጥፋለህ። "ጓንት ደግሞ አድርግ" አለው ሲነሣ። "ኖራ ሥጋ ይበላል።"

"በጓንት ቡሎን ተፈትቶ ያውቃል?"

"ይሄ ቡሎን አይደለም ጋሼ።"

ሰምቶ ነው! በባዶ እጁ ለወሰው፣ በባዶ እጁ ለጠፈው። ረቡዕ ጠዋት ላስቲኩን ሲገልጥ ኖራው ቡናማ ሆኗል። ዘይቱ እየወጣ ነው! እኔ ነኝ ያለ ሐኪም በሽተኛው ሲያልበው እንዲያ አይደሰትም። ፍቆ ጣለ፣ ሌላ ለጠፈ። ሐሙስም እንዲሁ። ልጁ ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሱን ሳይሆን ላስቲኩን ነው፤ ግን ሳትናገር ታልፋለች። ሐሙስ ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ይቺን የውሃ ብርጭቆ ጋሽ ግራሶ እንደ ሽልማት ቆጠራት።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሦስተኛውን ኖራ ፈቀፈቀና ድንጋዩን አጠበው። እድፉ የለም። ጎንበስ ብሎ በአፍንጫው ሁሉ አሸተተው። የለም! ቀና ብሎ ከደረጃው ላይ ሆኖ ደግሞ አየው፤ ያኔ ነው ጉዱ የታየው። ኖራው የበላው ቦታ ከሌላው ድንጋይ ሁሉ ነጥቶ ቁጭ ብሏል። ለካ ነጭ የሚባለው በረንዳ ነጭ አልነበረም፤ በአቧራና በእግር ደብዝዟል። አሁን ጥቁሩ እድፍ ጠፍቶ ነጭ እድፍ ተተካ። ሳቁ መጣ፤ ብቻውን እንደ እብድ ሳቀ። ከዚያ ባልዲውን ሞላና ከጥግ ጀመረ።

መቶ አሥራ ሁለት ድንጋይ ነው። ዓርብ ከሰዓቱን፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ፣ በጉልበቱ እየዳኸ በኖራና በሳሙና መቶ አሥራ ሁለቱንም ፈተጋቸው። አማቹ ቅዳሜ ከሰዓት ወጥቶ "አባባ፣ ልርዳዎት?" አለው። "ሸሚዝህ ይቆሽሻል፤ ተወው" አለው ጋሽ ግራሶ። ሰውየውም ተወው። እኔ ብሆን ሁለተኛ እንኳ እጠይቅ ነበር። አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ድንጋይ ሲያልቅ ጋሽ ግራሶ ለመነሣት አጥሩን መያዝ አስፈለገው። በረንዳው ግን ወለል ብሎ ነጥቶ ዓይን ይወጋል።

እሑድ ጠዋት ልጁ ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ ክፍሉ ገባች። "እጅህን ስጠኝ" አለችው። መዳፉን ገለበጠችና ፊቷ ተለዋወጠ። ኖራው ቆዳውን በልቶታል፣ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ስንጥቆቹ ውስጥ ዘይቱ ገብቶ ጥቁር መስመር ሠርቷል። ድንጋዩ የተፋውን እጁ ጠጥቶታል። ምንም አላለችም። ነክራ አራሰችው፣ በሎሚና በስኳር አሸችው፣ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ቆረጠች፣ ቫዝሊን ቀባችው። ሲያመው ሳብ ቢያደርግ "አትንቀሳቀስ" አለችው፤ በልጅነቷ እናቷ ታማ የተኛች ጊዜ እሱ የልጁን ፀጉር ሲያበጥር ይላት እንደነበረው። አንድ ሰዓት ሙሉ እጁን ይዛ ተቀመጠች። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ሆነው አያውቁም።

"ሲመጡ ቆመህ 'እንኳን ደህና መጣችሁ' በል፣ እጅህን ስጣቸው" አለች። "'አባቴ ነው' እላለሁ። ሌላውን ለእኔ ተወው።"

"ሥራው ምን ነበር ቢሉሽስ?"

የቫዝሊኑን ክዳን ገጠመች። "ቢስክሌት ይጠግን ነበር እላለሁ።"

"እንዲህ ትያለሽ?"

"እላለሁ አልኩህ እኮ!" ቆጣ ያለች አስመሰለች፤ ግን እየሳቀች ነው። ኮቱን ራሷ አለበሰችው።

እንግዶቹ ለስድስት ሰዓት ነበር የተጠሩት፤ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የበሩ ደወል ጮኸ። ጋሽ ግራሶ በረንዳው ላይ ነበር፤ ሥራውን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ ነው የወጣው። ግድግዳው ሥር ባልዲው፣ ብሩሹና የኖራው ከረጢት እንደተቀመጡ ናቸው፤ አላነሣቸውም። ሊያነሣ ሲል ሰዎቹ ደረሱ። አማቹና ሥራ አስኪያጁ ከኋላ፣ ሚስትየዋ ከሁሉም ቀድማ።

ደርባባ፣ ሳቂታ ሴት ናት። በረንዳውን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። "ወይ ጉድ! ጫማ አውልቁ አትሉንም እንዴ?" አለች። ልጅቱ በመስታወቱ በር ብቅ እያለች ነበር፤ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ጋሽ ግራሶም አየው፣ ያንን ብርሃን። የአምስት ቀን ድካሙ ብን ብሎ ጠፋ።

ሴትየዋ ፈገግ ብላ መጀመሪያ ለሱ እጇን ዘረጋች።

ሊሰጣት ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ መዳፉን ሊሰጣት ነበር! ጠዋት ታጥቧል፣ ተቀብቷል፣ ተነግሮታል። የአርባ ሁለት ዓመት ክንድ ግን ማንን አስፈቅዶ! ጣቶቹ ራሳቸው ወደ ውስጥ ታጠፉ፣ አንጓው ወደ ፊት ወጣ፣ አፉም ተከተለ።

"ይቅርታ እመቤቴ፣ እጄ ቆሻሻ ነው።"

ሴትየዋ አንጓውን ያዝ አድርጋ ነቀነቀችው። የተሰነጣጠቁትን ጣቶች አየች። ባልዲውን አየች፣ ብሩሹን፣ ከረጢቱን። "አሃ!" አለች። "ለካ ይሄን ያሳመሩት እርስዎ ነዎት!" ወደ ልጅቱ ዞረች። "ከየት ነው ያገኛችኋቸው? ደግሞ ኮት ለብሶ የሚያጸዳ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም!"

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። አማቹም አለቃው ሲስቅ መሳቅ ለምዶ ኖሮ አብሮ ሳቀ፤ ወዲያው ገባውና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

ጋሽ ግራሶ ልጁን አያት። ሁለት ቃል ነው። "አባቴ ነው።" ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ ሴትየዋ ትደነግጣለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ይሳቃል፣ ይገባል፣ ይበላል። ከንፈሯ ሲከፈት አየ። አየ እኮ፤ ተከፍቶ ነበር! ሥራ አስኪያጁን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ድንጋዩን አየች። ከንፈሯ ተዘጋ።

"አዎ" አለች። "በጣም ጎበዝ ናቸው።"

ናቸው! አባቷን "አንተ" እያለች ያደገች ልጅ ዛሬ እንደ ባዳ አከበረችው። ልጁ ላብ ላብ ብሏታል፤ እንዲህ ሆና ሲያያት ጋሽ ግራሶ አንጀቱ አልቻለም።

"አዎ እመቤቴ፤ እኔ ነኝ ያጸዳሁት" አለ። ውሸት የለበትም።

"እግዜር ነው ያገናኘን! የእኛ ጋራዥ ወለል በመኪና ዘይት ጠፍቷል። ማክሰኞ ይመጡልኛል? ከትልቁ ባንክ ጀርባ ነው፤ አረንጓዴ በር።"

"እመጣለሁ።"

ሠራተኛ ሥራውን ከጨረሰ ይሄዳል እንጂ ቆሞ እንግዳ አያይም። ጋሽ ግራሶ ባልዲውን አነሣ፣ ብሩሹንና ከረጢቱን ከተተበት፣ ከጓሮ ቢስክሌቱን አወጣ። ልጁ በሩን ልትከፍትለት ተከተለችው። "አባባ" አለች በሹክሹክታ። "ግቢ፤ እንግዳ ብቻውን አይተውም" አላትና በኮቱ እንዳለ፣ ባልዲውን እጀታው ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

የት ይሂድ? እግሩ ወደለመደው ሄደ። ጥላው የነበረበት ቦታ አስፋልት ሆኗል፤ ግንቡ ግን አለ። ከግንቡ ሥር ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት። መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። አንድ የድሮ ደንበኛ አወቀውና "ጋሽ ግራሶ! ምነው፣ ሰርግ ላይ ነበርክ እንዴ?" አለው ኮቱን አይቶ። "ምሳ ተጠርቼ ነበር" አለ ጋሽ ግራሶ። "እንዴት ነበር ታዲያ?" "ደህና ነበር።" ፀሐይዋ ግንቡን አልፋ እስክትጠልቅ እዚያው ቆየ።

ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ ሳህን ተከድኖ ጠበቀው። የማዕዱን ምርጥ ምርጡን ነው የሰበሰበችለት። ጋሽ ግራሶ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በላ። ሆድ ብሶታል፤ ግን ልጁ ላይ ሊፈርድ አልፈለገም። የድንጋጤ ነገር ነው፣ አለ ለራሱ። ደግሞ ጥፋቱ የማን ነው? እጅህን ስጥ ተብሎ አንጓውን የሰጠ እሱ አይደል?

ሰኞ ጠዋት ልጁ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

"ደነገጥኩ አባባ።"

"አውቃለሁ።"

"ነገ እዚያ ሴትዮ ቤት አትሂድ።"

"ባልሄድ ባልሽን ትጠይቀዋለች። ምን ሊላት ነው?"

የበሩን እጀታ ይዛ ቆየችና "ሌላ ጊዜ ሲመጡ..." ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ወደ ሥራዋ ሄደች። ጋሽ ግራሶ ያቺን "ሌላ ጊዜ" ይዞ ዋለ። ይችላል፤ ሰው በሌላ ጊዜ ስንት ዓመት ይኖራል።

ማክሰኞ ሄዶ የጋራዡን ወለል ኖራ አለበሰ። ረቡዕ ከሰዓት ሊፍቀው ተመለሰ። ሴትየዋ በርጩማ አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሰው መናቅ የማታውቅ፣ ጨዋታ ወዳድ ሴት ናት። ስለ ጉልበቱ ጠየቀችው፣ የሚጠጣ ነገር አመጣችለት።

"ልጆች አሉዎት አባባ?"

"አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።"

"ትጦርዎታለች?"

"አብረን ነው የምንኖረው። ደህና ልጅ ናት፤ የተማረች ናት። በነጭ..." በነጭ ጋዋን ነው የምትሠራው ሊል ነበር፤ ምላሱን ያዘው። "በቃ፣ ደህና ልጅ ናት።"

"ታድላለች! አባት ማለት እኮ..." ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። "ያቺ በረንዳዋን የሠሩላት ልጅ አባት የላትም። እሑድ ምሳ ላይ 'ወላጆችሽስ?' ብላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እናቷም አባቷም ሞተዋል። አባቷ መሐንዲስ ነበሩ አለችን፤ ገና ተማሪ ሳለች ነው የሞቱባት።"

የጋሽ ግራሶ መፋቂያ ቆመ።

"ቢስክሌት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው አሉ" አለች ሴትየዋ። "ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ። 'አትልቀቀኝ አባባ እለው ነበር' ስትል እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ምን ዓይነት ጥሩ አባት ቢሆኑ ነው እስካሁን እንዲህ የሚያስለቅሷት?"

ጋሽ ግራሶ ቀና አላለም። የሻከረ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳርፎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

"ነፍስ ይማር" አለ።

"አሜን" አለች ሴትየዋ፤ ከንፈሯን መጠጠች። ትንሽ ቆይታ በጫማዋ ጫፍ ወለሉን አሳየችው። "እዚህ ጋ ትንሽ ቀርታለች መሰለኝ።"

"አይቻታለሁ እመቤቴ" አለና ብሩሹን አነሣ።